ወይኑን ጠየቃችሁ፤ ሰሊጡንስ?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በእኛ በተማሪዎቹ መካከል አዲስ የሥልጣኔ መለኪያ ተገኝቷል፤ ይኸውም የወይን ጠጅን ስምና የትውልድ አገር ለይቶ ማወቅ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ጎንደር የተመለሰ ጓደኛ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲያወራ አንሰማውም፤ ስለ ስፔን ወይን ጠጅ ቤት ግን ሲተርክ ያመሻል።

ሳያዩ ከማማት አይቶ መናገር ይሻላልና ሄደን አየን። ምግቡ በትንንሽ ሳህን እየተከፋፈለ ይቀርባል፤ ስሙም ታፓስ ነው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ወይኑ ሪዮሃ ከሚባል አገር መምጣቱን፣ ፍሬው የተለቀመበትን ዓመትና በእንጨት በርሜል የቆየበትን ጊዜ አስረዳን። በዳቦው ላይ ሰሊጥ ተነስንሶ ነበርና «ይህስ የየት አገር ነው?» ብንል መልሱ ሳቅ ሆነ። የሩቁን የወይን ኮረብታ በስሙ የሚያውቅ ሰው ሰሊጥም አገር እንዳለው አላሰበም።

ከቤቱ ባለቤት ጋር ጠብ የለንም። የሚሸጠውን አውቆ መሸጡ ያስመሰግነዋል። የሪዮሃ ስም ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሌላ ስፍራ የበቀለ ወይን በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ጠጪው ሁሉ ሳይወድ በግድ የገበሬውን አገር ይጠራል። ጠባችን ይህን ትምህርት ከጠርሙሱ አንብበው በአገራቸው ጆንያ ላይ ማንበብ ከማይፈልጉት ምሁራን ጋር ነው።

እነሆ መተማ! ብዙዎቻችን መተማን የምናውቃት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ በመሆኗ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ከገንዳ ውሃ እስከ ሱዳን ወሰን፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆም ጭምር፣ ሜዳው የሰሊጥ ሜዳ ነው። ሰሊጥ ከአገራችን ዋና ዋና የወጪ ንግድ ሰብሎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጆንያው ወደ ገበያ ሲወጣ ቢበዛ «የጎንደር ዓይነት» ይባላል እንጂ የመተማን ስም የሚጠራ የለም። ሰሊጡ ወደ ውጭ ይላካል፤ በምትኩ ለወጣችን የፓልም ዘይት ከባሕር ማዶ ይገዛል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

የስሙስ ነገር ቢቀር ይቅር፤ የሰውየው ነገር ግን አይቀርም። ሰሊጥ ፋታ የማይሰጥ ሰብል ነው። ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና በጥቂት ቀኖች ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በነዶ መቆም አለበት። ስለዚህ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል። ሌሊት የሚያድረው በሜዳ ወይም በግራር ሥር ነው። በዚያው በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ወጥታ ትነድፈዋለች፤ ካላዛር የሚባለውንም በሽታ ታስተላልፍበታለች። ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይመነምናል። ካልታከመ ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። ከታከመ ግን ይድናል፤ በዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የካላዛር ማከሚያና መመራመሪያ ማዕከል አለ። እንግዲህ መድኃኒቱ እያለ የሚሞተው ሰው በምን ሞተ እንበል? ያልተጠየቀ ሰው ሆኖ አይደለምን?

«ሠራተኛውኮ ደመወዙን በአረቄ ቤት ይጨርሳል» የሚሉ አሉ። እንዴት ያለ ፍርድ ነው! በከተማ ብርሌ ከሚያምር ብርጭቆ ወይን መቅመስ ሥልጣኔ፣ በመተማ በመለኪያ አረቄ መቅመስ ብልግና የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ሱዳን በ1983 እ.ኤ.አ. መጠጥን በሕግ ከከለከለች ወዲህ ከወሰኑ ማዶ እየተሻገረ በመተማ የሚጠጣው እንግዳስ ጥቂት ነበርን? እኛ ስካርን አናወድስም። ዳሩ ግን ማደሪያ ላልተሠራለት ሰው ጣራና ወንበር ያለው ቤት አረቄ ቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ወቀሳው ማደሪያ ሳይሠራለት ሰሊጡን ለተረከበው ይገባል።

«ጊዜው የጦርነት ነው፤ ይህ ይቆይ» የሚሉም አይጠፉም። በ2015 ዓ.ም. በሱዳንም በክልላችንም ጦርነት እንደ ፈነዳ እናውቃለን፤ ስደተኛው በመተማ በር ሲገባም አይተናል። ነገር ግን ሰሊጡ በጦርነትም መካከል ይታጨዳል፤ ዝንቧም ሰላም እስኪወርድ አትጠብቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ሁለተኛ፣ በእርሻው ላይ ማደሪያና አጎበር ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ትኩሳት የያዘው ሠራተኛ ባዶ እጁን በአውቶቡስ ወደ ደጋ ከመሸኘቱ በፊት የካላዛር ምርመራ ይደረግለት። አራተኛ፣ ጆንያው የበቀለበትን ወረዳ ስም ይያዝ፤ ስም ያለው ዕቃ ጠያቂ አለውና።

ወንድሞችና እኅቶች! ወይን ጠጅ ቤት አትሂዱ አንልም። ሂዱ፤ ጠጡ፤ ስለ ወይኑም ጠይቁ። ነገር ግን የስፔንን ገበሬ ኮረብታ በስሙ እየጠራ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቀውን የመተማን አጫጅ ሕያው ይሁን ሙት የማይጠይቅ ተማሪ፣ የቀመሰው ወይን ነው እንጂ ሥልጣኔ አይደለም።