የትሩማን ዶሴና የጅማ ትዝታ

አንባቢያን ሆይ፤ በጅማ ከተማ ዕድሜ የጠገቡ አንድ አባት አግኝታችሁ «ፖይንት ፎር ምን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «የአሜሪካኖች የእርሻ ትምህርት ነዋ!» ብለው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። መልሱ ትክክል ነው። ዳሩ ግን የቃሉ ትርጓሜ «አራተኛ ነጥብ» ማለት መሆኑን ስትሰሙ፣ «የምን አራተኛ? ሦስቱስ የት ደረሱ?» ማለታችሁ አይቀርም። በዛሬው ጽሑፌ ይህን ጥያቄ ይዘን ሚዙሪ ድረስ እንሄዳለን፤ ከዚያም ተመልሰን ጅማ እንገባለን። ዓመታቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

የነጥቡ ባለቤት ሠላሳ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በሚዙሪ፣ ላማር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በጕልምስናቸው አሥር ዓመት ያህል በቤተሰባቸው እርሻ ላይ አርሰዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር ዘምተው የመድፈኛ ሻምበል ሆኑ። ሲመለሱ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በካንሳስ ሲቲ የወንዶች ልብስ ሱቅ ከፈቱ፤ ሱቁ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከሰረ፤ ዕዳውም ብዙ ዓመት ተከተላቸው። የኮሌጅ ዲግሪ አልነበራቸውም። ከእርሳቸው ወዲህ ያለ ዲግሪ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም።

ወደ ፖለቲካ የገቡት በ1915 ዓ.ም. የጃክሰን አውራጃ ዳኛ ሆነው በተመረጡ ጊዜ ነው። «ዳኛ» ይባል እንጂ ሥራው ችሎት አልነበረም፤ መንገድ ማሠራት፣ ሕንፃ ማስገንባት፣ የአውራጃውን ገንዘብ ማስተዳደር ነበር። ያስመረጣቸው ቶም ፔንደርጋስት የሚባለው የካንሳስ ሲቲ የፖለቲካ አለቃ ሲሆን፣ ይህ ሰው በኋላ ግብር በመሰወር ተፈርዶበት ወኅኒ ወርዷል። ትሩማን እጃቸው ንጹሕ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ፒክዊክ በተባለ ሆቴል ውስጥ ሆነው ለራሳቸው ብቻ የጻፉአቸው ማስታወሻዎች ተገኝተዋል። በአንዱ ላይ የአውራጃውን የሚሊዮኖች ብር የመንገድ ሥራ ከሌቦች ለማዳን ሲሉ፣ የአለቃው ወዳጅ የሆነ አንድ ሰው 10,000 ዶላር ገደማ ሲዘርፍ ዐይተው እንዳላዩ መሆናቸውን ጽፈዋል። «ደግ አደረግሁ ወይስ የወንጀሉ ተባባሪ ሆንሁ?» የሚል ጥያቄም ለራሳቸው አቅርበው መልሱን ሳያገኙ ትተውታል።

በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ወጣቶች ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንባችሁም። የማያውቀውም ቢሆን ገና ጊዜው ስላልደረሰ ነው። ትሩማን ያን ወረቀት ቀድደው መጣል ይችሉ ነበር፤ አልጣሉትም። ዛሬ ማንም ተማሪ ሊያነበው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1927 ዓ.ም. ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመረጡ። በ1933 ለጦር መሣሪያ የወጣው ገንዘብ እንዳይባክን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁመው ስማቸው ተጠራ። በጥር 1937 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ሩዝቬልት ሲሞቱ የአገሪቱ ሸክም በጫንቃቸው ላይ ወደቀ። አቶሚክ ቦምብ እየተሠራ መሆኑ በዝርዝር የተነገራቸው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ነው። በጠረጴዛቸው ላይ «ጉዳዩ ከዚህ ወዲያ አያልፍም» የሚል መልእክት ያለው የእንጨት ጽሑፍ ያስቀምጡ ነበር። ይህን የእንጨት ሥራ የሠራው በኦክላሆማ የሚገኝ የእስረኞች ማረሚያ ቤት ነው። ዶሴ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ባለጕዳይም ከዛሬ ወደ ነገ በሚመላለስበት ቢሮ ሁሉ ቢሰቀል የማይጠላ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ እንምጣ። ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ትሩማን በምርጫ አሸንፈው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ባሰሙት ንግግር አራት ነገሮችን ዘረዘሩ። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን መደገፍ፣ ሁለተኛው በጦርነት የተጎዳውን የዓለም ኢኮኖሚ ማቋቋም፣ ሦስተኛው ነፃነት ወዳድ ካሏቸው አገሮች ጋር በመከላከያ መተባበር ነበሩ። አራተኛው ደግሞ የአሜሪካ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ዕውቀት ላልበለጸጉ አገሮች እንዲደርስ ማድረግ ነበር። የሰሚውን ጆሮ የሳበው ይህ የመጨረሻው ሆነ።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ትሩማን ከንግግሩ ጥቂት ቀን በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሐሳቡ ሁለትና ሦስት ዓመት በአእምሮአቸው ውስጥ እንደነበረ ገልጸዋል። የመዝገብ ቤቱ ወረቀትና የረዳቶቻቸው ትዝታ ግን ሌላ ስም ያወጣል። ይኸውም ቤንጃሚን ሃርዲ የሚባል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የማስታወቂያ ክፍል የሚሠራ፣ ከፍተኛ ማዕረግ ያልነበረው ሠራተኛ ነው። ሃርዲ ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለአለቆቹ ቢያቀርብ አልተቀበሉትም። ነገሩ ስላልዋጠለት ወደ ፕሬዚዳንቱ ረዳቶች ወሰደው፤ እነርሱም በንግግሩ ውስጥ አስገቡት። ወረቀቱ ባይቀመጥና ያዩት ሰዎች ባይጠየቁ ኖሮ፣ ዛሬ የሃርዲን ስም የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ርዳታው ለጽድቅ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ዘመኑ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የተፋጠጡበት ነበርና አንዱ ዓላማ ድኻ አገሮች ወደ ኮሙኒዝም እንዳያዘነብሉ ነበር። ገንዘቡም ብዙ አልነበረም። ለአውሮፓ ማቋቋሚያ በአራት ዓመት ውስጥ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲወጣ፣ ለአራተኛው ነጥብ ምክር ቤቱ በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ የፈቀደው 35 ሚሊዮን ነው። ነገር ግን ጥቂቱ ገንዘብ አስተማሪ ይዞ መጣ፤ አስተማሪውም ጅማ ደረሰ።

የዚህ መሪ የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሔንሪ ቤኔት ናቸው። በ1942 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር፤ በዓመቱ ትሩማን የአራተኛው ነጥብ መሥሪያ ቤት የበላይ አደረጓቸው። በሰኔ 1943 ሁለቱ መንግሥታት የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ፈረሙ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ግን ዶክተር ቤኔት፣ ባለቤታቸውና አብሯቸው ይጓዝ የነበረው ያው ቤንጃሚን ሃርዲ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በቴህራን አጠገብ ወድቆ ሁሉም ሞቱ። ሐሳቡን የወለደውም፣ ሐሳቡን ተሸክመው የሄዱትም የጅማን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሳያዩ ቀሩ።

ሥራው ግን አልቆመም። በግንቦት 1944 ከኦክላሆማው ኮሌጅ ጋር ውል ተፈረመ፤ በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የእርሻ ኮሌጁም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው በዚሁ በጅማ ሲሆን፣ ሐረርጌ ውስጥ በዓለማያ ሕንፃው ሲሰናዳለት ወደዚያ ተዛወረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ 1946 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ኦክላሆማ ድረስ ሄደው ኮሌጁን አይተዋል። ዛሬ የዓለማያው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የጅማው ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ትሩማን ሥልጣናቸውን ያስረከቡት ጥር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ የጅማው ትምህርት ቤት ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ሳለ ማለት ነው።

ከቤተ መንግሥት የወጡት ሽማግሌ ወደ ሚዙሪ ተመልሰው ምን ሠሩ? ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። በቀድሞው ልማድ አንድ ፕሬዚዳንት ሲሰናበት ዶሴውን እንደ ግል ንብረቱ ጭኖ ይሄድ ነበር፤ አንዳንዱ ተቃጥሏል፤ አንዳንዱም ተበትኗል። ሩዝቬልት ወረቀታቸውን ለሕዝብ በመስጠት አዲስ መንገድ ከፈቱ፤ በ1947 ዓ.ም. ሕግ ወጣለት። የትሩማን ቤተ መጻሕፍት ሰኔ 29 ቀን 1949 በኢንዲፔንደንስ ከተማ ተመረቀ። በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ ይዟል። ከወረቀቱም ሌላ በ1950ዎቹ ሠራተኞቹ የድምፅ መቅረጫ ይዘው ከሚኒስትር እስከ ጸሐፊ፣ ከጦር ጓደኛ እስከ ጎረቤት እየጠየቁ የሰዎችን ትዝታ መመዝገብ ጀመሩ። ትሩማን በታኅሣሥ 1965 ሲሞቱ የተቀበሩት በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ግቢ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወረቀትና ትዝታ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁልጊዜ አይስማሙም። ትሩማን በ1948 ዓ.ም. ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው፣ አቶሚክ ቦምቡ ባይጣል ኖሮ ጃፓንን ለመውረር ግማሽ ሚሊዮን የአሜሪካ ወታደር ይሞት እንደነበረ እንደተነገራቸው ጽፈዋል። በሰኔ 1937 በጦር ዕቅድ አውጪዎች የተዘጋጀው ወረቀት የሚሰጠው ግምት ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ሂሮሺማ ከመመታቷ ከጥቂት ቀን በፊትም በማስታወሻቸው ላይ ቦምቡ በወታደር ላይ እንጂ በሴቶችና በሕፃናት ላይ እንዳይጣል ማዘዛቸውን ጽፈው እናገኛለን፤ ከተማይቱ ግን ሴቶችና ሕፃናት የሞሉባት ነበረች። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለዓመታት በመደርደሪያ ላይ የቆየ የኒው ዮርክ የቤትና የመሬት ነጋዴዎች ማኅበር መጽሐፍ ቢገልጥ፣ ትሩማን በእጃቸው የጻፉትን የቀን ማስታወሻ አገኘ። ስለ አይሁድ የሚያሳፍር ቃል ነበረበት። በስማቸው የተሠራው ቤት ግን አልደበቀውም፤ ለሕዝብ ገለጠው። መዝገብ ቤት ማለት ይህ ነው፤ የሚያስመሰግነውንም የሚያሳፍረውንም አብሮ ያስቀምጣል።

አሁን ጅማ እንግባ። የአራተኛው ነጥብ ታሪክ ሁለት ወገን አለው፤ ሰጪውና ተቀባዩ። የሰጪው ወገን በሚዙሪና በኦክላሆማ በሣጥን ተዘግቶ ይጠበቃል። የተቀባዩስ? በ1945 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመቱ የነበረ ተማሪ ዛሬ ዘጠና ዓመት ደፍ ላይ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ በእግሩ ይምጣ በበቅሎ፣ አባቱ «ልጄ ጸሐፊ ይሆናል ስል እርሻ ይማራል?» ይበሉት ወይም ይመርቁት፣ ይህን ሊነግረን የሚችለው እርሱ ራሱ ነው። እርሱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተተረተ ይመስለኛል።

ሽማግሌን በጊዜው መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጅማ ራሷ ምስክር ናት። ኸርበርት ሌዊስ የተባሉ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጅማ መጥተው፣ የጅማን መንግሥት ከሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አፍ ያገኙትን ይዘው መጽሐፍ አሳተሙ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት በ1924 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የቤተ መንግሥታቸውን ወግ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ያን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው የጅሬንን ቤተ መንግሥት ያገኛል፤ የሚመልስለትን ሰው ግን አያገኝም።

መዝገብ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ፣ በየጓሮአችን ያለውን ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ የሚያደርቅ በሽታ በአገራችን ታየ። ጅማ አጠገብ መልኮ የሚገኙት ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው ፈልገው ዘር አወጡ። የቡና ገበሬ ሁሉ የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 ከእነዚህ ናቸው። 74 ማለት ዘሩ የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት ነው። እያንዳንዱ ዛፍ የት እንደተገኘ፣ በማን ተራ እንደተቆጠረ በጥንቃቄ ባይጻፍ ኖሮ፣ ደኅናውን ዛፍ ከታመመው ለይቶ ማባዛት አይቻልም ነበር። ቁጥሩ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም ቡና ሆኖ ይጠጣል።

ስለዚህ፣ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ አሮጌ ዶሴ ለስኳር መጠቅለያ ሲሸጥ ወይም ጣራው በሚያፈስ ጓዳ ውስጥ ለምስጥ ሲተው ብታዩ ዝም አትበሉ። ቢያንስ የዶሴውን ርእስና ዓመት በአንድ ደብተር ላይ መዝግባችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ለዕረፍት ወደ ጎማ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሰቃ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ ስልካችሁም ድምፅ ይቀርጻል። የቤተሰባችሁን አዛውንት አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤት መቼ ገቡ? ማን አስተማራቸው? የመጀመሪያውን ቡና ስንት ሸጡ? ሲመልሱ አታርሟቸው፤ የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉ። ከታች ቀኑን፣ ቦታውንና የጠያቂውን ስም አትርሱ። በአንድ ቅጂ ብቻ አትተዉት፤ ሁለተኛውን ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።