ወገባቸውን ያጎበጠው እንጨቱ ብቻ አይደለም!

ጎበዝ፣ እስቲ ሳንሸፋፈን እንነጋገር!

ከእንጦጦ ጫካ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች የማያውቅ የየካ ሰው የለም። 30 ኪሎ የሚያልፍ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ጀርባቸው ላይ ተከምሮ ከሩቅ ሲታዩ እንጨቱ ራሱ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል።

እኔ ፊዚዮቴራፒ አስተምራለሁ። ስለ ወገብ ሕመም ሳስተምር መጽሐፉ የሚያመጣልኝ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል የቢሮ ሰው ነው። እንጨት ተሸካሚዋን እናት «ከባድ ነገር አያንሡ፣ ጎንበስ አይበሉ» ብሎ መሸኘት ሕክምና ነው እንዴ? ካላነሡ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ?

አንድ ቀን በተግባር ልምምድ ላይ (የት እንደሆነ ይቅር) ከሱሉልታ የመጡ እናት ሕመማቸውን በኦሮምኛ ያስረዳሉ። አንዱ ተማሪዬ ሳቀ። ሌላው ካርዳቸው ላይ «ለሕክምና የማይተባበሩ» ብሎ ጻፈ። ያልገባን እኛ፣ ጥፋተኛዋ እሳቸው! ተማሪውን ብቻ አልከስስም። ከዓመታት በፊት ከገጠር የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ሲሰበር ከክፍሉ ጋር አብሬ የሳቅሁት እኔው ነኝ። ተማሪ የሚማረው መምህሩ የሚለውን ሳይሆን የሚያደርገውን ነው።

«ዘረኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚሉ አሉ። ተዉ እንጂ! አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ቁስል ሲጀምረው «ቆዳው ይቀላል» እያልን እናስተምራለን። የማን ቆዳ? ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ሙቀቱንና መጠጠሩን በእጅ ዳስሰህ፣ ሕመሙን ጠይቀህ ነው የምትደርስበት። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጂን መለኪያ የጥቁር በሽተኞችን የኦክስጂን መጓደል ከነጮቹ 3 እጥፍ ገደማ አዘውትሮ እንደሚስት አሳይቷል። እኛስ የምንሰካው ምን ሆነና?

ዶክተር መላኩ በያን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1935 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ፣ ከ2 ዓመት በኋላም ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁም ሐኪምነትን ከጥቁር ሕዝብ ክብር አልነጠለም። እኛ ዛሬ እርስ በርስ መከባበሩ አቃተን!

መንግሥትስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው በብሔር፣ በቀለም፣ በቋንቋ፣ በሀብት ሳይለይ እኩል ነው ይላል። ወረቀቱ ያምራል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክም ተመረቀ፤ ብስክሌቱም ፈረሱም ተሰናዳ። ይሁን፣ መልካም! የእንጨት ተሸካሚዋን ወገብስ መቼ ነው የምትመርቁልን?

ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። የጤና ተማሪ በሽተኛውን በሚገባው ቋንቋ፣ ካልቻለም በአስተርጓሚ አነጋግሮ ይፈተን። እንጨት ተሸካሚዋ፣ በርጩማ ላይ የሚቀመጡት አዛውንት፣ ቁጢጥ ብሎ የሚጸዳዳው ሰው ትምህርቱ ውስጥ ይግቡ። በተማሪም ሆነ በበሽተኛ አነጋገር የሚያላግጥ መምህር ይጠየቅ። ከእኔ ይጀመር!

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። በሰው ቋንቋ የሳቀ እጅ ወገብን አያድንም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!