ያገለገለ የናፍጣ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

ለባለሱቅ አውቶሞቢል ጌጥ አይደለም። ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል፤ ረፋዱ ላይ ከመርካቶ ሸቀጥ ይጭንበታል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ዘመድ ይጠይቅበታል። ይህ ንብረት በቆመ ቁጥር ሱቁም በግማሽ ይቆማል። ከመደርደሪያው ዕቃ ቀጥሎ የብዙ ባለሱቆች ትልቁ ወረት ይኸው መኪና ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ግዢ በደላላ ቃልና በቀለም ማማር ብቻ ሲፈጸም ማየት ግን ያሳዝናል። ቡና ላኪ ናሙና ሳያይና ሳይቀምስ አንድ ጆንያ አይገዛም፤ እህል ነጋዴም እጁን ከጆንያው ውስጥ ሳያስገባ ዋጋ አይቈርጥም። እነዚሁ ጠንቃቆች መኪና ሲገዙ ጥንቃቄያቸውን ከቤት ረስተው የሚወጡ ይመስላሉ።

ዛሬ ይህን ጉዳይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት ባለፈው ላይ፣ ከባድ ታክስ ጣለ። ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ለገዢው ያስከተሉት ነገር ግን ግልጽ ነው። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው የሚያገኘው የናፍጣ መኪና ቀድሞ ከገባው መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረውን ነው፤ ይህም በየዓመቱ ያረጃል እንጂ እንደ ቀድሞው በሌላ አይተካም። እንግዲህ የመምረጥ ጥበብ ከምን ጊዜውም ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛው የናፍጣ መኪና ይሻለኛል?» የሚለው ሳይሆን «ናፍጣ ያስፈልገኛልን?» የሚለው ነው። እስቲ በነጋዴ ሒሳብ እንየው። አንድ የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎሜትር 10 ሊትር፣ ተመጣጣኙ የናፍጣ መኪና ደግሞ 7 ሊትር ተኩል ይፈጃሉ እንበል። በወር 2,000 ኪሎሜትር የሚጓዝ ሰው 50 ሊትር ያተርፋል፤ ይህ በዓመት 600 ሊትር ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ከቤቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ቤቱ ብቻ እየተመላለሰ በወር 400 ኪሎሜትር የሚነዳው ግን የሚያተርፈው 10 ሊትር ብቻ ነው። ይህን እያጠራቀመ አንድ የተበላሸ የናፍጣ ፖምፓ ለማሠራት ብዙ ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ የናፍጣ ሞተር በአጭር መንገድ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጥላሸት ያበዛል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ያገለገለ የናፍጣ መኪና እንዲገዛ አንመክርም። ትንሽ የቤንዚን መኪና ይበቃዋል፤ ግቢ ኖሮት ሌሊት መሙላት የሚችል ከሆነም የኤሌክትሪኩን ያስብበት። ናፍጣ የሚገባው ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደር እየተመላለሰ ሰውንም ዕቃውንም ለሚያጓጉዝ ነጋዴ ነው። የዚህን ሰው መንገድ ለመሸፈን እስከ ዛሬ ድረስ ከናፍጣ ሞተር የተሻለ አገልጋይ በርካሽ አይገኝም።

የናፍጣ ሞተር ጠባይ ካልታወቀ መምረጥ አይቻልም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ አይደለም፤ አየሩን እስከ ሃያ እጥፍ ገደማ አምቆ በማጋል ነው። ይህን ግፊት ለመቻል የሞተሩ አካል ከቤንዚኑ ይልቅ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ይሠራል፤ ዕድሜውም የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ግን እመቃው ከደከመ ሞተሩ ሞተ ማለት ነው። በቤንዚን መኪና ላይ በጥቃቅን ጥገና የሚታለፍ ድካም በናፍጣው ላይ ሞተር ወደ መቀየር ያደርሳል። ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር ይኸው የእመቃው ጤንነት ነው።

በአገራችን ደግሞ ከፍታ የሚባል ሌላ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በቂ አየር ስለማያገኝ ኀይሉ በግልጽ ይቀንሳል፤ ፖምፓው ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከቀረም ጥቁር ጭስ ያበዛል። ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ላይ መኪናው ቢለግም ወዲያው «ሞተሩ አልቋል» ማለት አይገባም፤ ፖምፓው በሚያውቅ ሰው ቢስተካከል የሚድን ሊሆን ይችላል። ውሃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚህ የሚድነው በክዳኑ አማካይነት ግፊት ስለሚይዝ ነው። አንድ ያረጀ የራዲያተር ክዳን በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ቴስታታ ሊያሰነጥቅ እንደሚችል የሚያስብ ገዢ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ምርጫው እንለፍ። የኛ አስተያየት ግልጽ ነው፦ በጀቱ አነስተኛ የሆነ ሰው ቀላሉንና አሮጌውን የሞተር ዐይነት ይምረጥ። ቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል እያለ የሠራቸው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች፣ እንዲሁም በትልቁ ላንድ ክሩዘር ላይ የሚገኘው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር ሞተር፣ ቱርቦ የሌላቸው፣ በሜካኒክ ፖምፓ የሚሠሩ፣ ኀይላቸው መጠነኛ፣ ድምፃቸው ከፍተኛ፣ ትዕግሥታቸው ግን እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ባለ 5ኤል ሞተር ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ለቤተሰብ ምቾቱ ያነሰ ነው ቢባል አንከራከርም፤ ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ ያማርራሉ። ነገር ግን የትም የገጠር ከተማ ብትደርሱ የሚፈታው መካኒክና የሚሆነው ዕቃ ይገኛል። 1ኤችዜዱ ደግሞ ለጋ ያለ ዋጋ የለውም፤ ነዳጅም አይቈጥብም። ጭነትና ክፉ መንገድ የማይበዛበት ሰው ስሙን ወዶ ባይገዛው ይሻላል።

በፕራዶና በሰርፍ ላይ የሚገኘው ባለ ቱርቦው 1ኬዜድ ለስላሳና ኀይለኛ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጠን በላይ የጋለ እንደሆነ ግን ቴስታታው የመሰንጠቅ ስም አለው። ስለዚህ ታሪኩ ካልታወቀ ይታለፍ። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ በተለምዶ ዲፎርዲ የሚባሉት፣ ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክተር የሚረጩ ናቸው። ነዳጅ ይቈጥባሉ፤ ጭሳቸውም ጥቂት ነው። ሆኖም በናፍጣው ውስጥ ጥቂት ውሃ ወይም አፈር ቢገባ ኢንጀክተሩ ይጐዳል፤ አራቱን በአንድነት መቀየር ደግሞ የባለሱቅን የወራት ትርፍ ይበላል። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ለመግዛት በሚገደድበት መንገድ ላይ የሚሠራ ነጋዴ ይህን አጥብቆ ያስብ። ከአውሮፓ የመጡት አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው በረዥም መንገድ ላይ ግሎ ካልተቃጠለ ይደፈናል። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም፤ ለአነስተኛ በጀት አይሆኑም።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሻጩን ሳያስታውቁ በማለዳ ይሂዱ፤ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ የናፍጣ ሞተር ድካም የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ሲነሣ ነውና፣ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ አንድ የሚሸሽገው ነገር አለው። ማሞቂያዎቹ ሠርተው ሞተሩ በሁለትና በሦስት ዙር ቢነሣ መልካም ነው። ከተነሣ በኋላ ጭሱን ይመልከቱ። ነጭ ጭስ ለጥቂት ሰኮንድ ወጥቶ ቢጠፋ የብርዱ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ የእመቃ ድካም ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውሃ አለ ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። ጥቁሩን ከላይ እንዳልነው በከፍታው ምክንያት ጥቂት ይታገሡታል።

ቀጥሎም ሞተሩ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። እንደ ባቡር እየተነፈሰ እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋልና ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። በክዳኑ ሥር ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ብዙ ገዢዎች ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ይህ ግን የናፍጣ ሞተር ተፈጥሮ ነው። እኛስ ይልቁን በሽያጭ ቀን እንደ ማር የጠራ ዘይት ስናይ እንጠራጠራለን። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ እንደገና ማስነሣት ነው፤ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ችግር አለበት።

የኪሎሜትር ቈጣሪውን ጨርሶ አይመኑ። ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ሥራ ሆኗልና ከቁጥሩ ይልቅ የፍሬኑን ፔዳል ላስቲክ፣ የመሪውን ልስላሴ፣ የሾፌሩን ወንበር ማየት ይሻላል። 90,000 ኪሎሜትር ብቻ ሄዷል የሚባል መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ አልቆ ከተገኘ አንደኛው ዋሽቷል፤ ፔዳል ደግሞ አይዋሽም። የሞተሩ የውስጥ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ ይለወጣል፤ ቢበጠስ የሞተሩን ውስጥ ያደቅቃል። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቈጥሮ ወጪውን ከዋጋው መቀነስ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የራስዎን መካኒክ ከፍለው ይውሰዱ። የደላላው መካኒክ የደላላው ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ጥቂት እንበል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር በዐይን መተያየት አለበት፤ ሞተር የተለወጠለት መኪና ብዙ ነውና። ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ያሳገደው መሆኑም ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ከመፈረሙ በፊት ይጣራ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሦስት ወር ነድቶ ከዚያ በኋላ «አታለለኝ» ብሎ መጮኽ ሰሚ ላያገኝ ይችላል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር እንጨምር። በእጅዎ ያለውን ሁሉ ለመኪናው አይስጡ። ለአውቶሞቢል ያሰቡት ገንዘብ አምስት እጅ ቢሆን አራቱን ለግዢ፣ አንዱን ለጥገና ያድርጉት። የተገዛ ዕለት ዘይቱና የዘይቱ ፊልትሮ፣ የናፍጣውና የአየሩ ፊልትሮ፣ ቺንጋውና የራዲያተሩ ክዳን ቢለወጡ መኪናው ከዚያ ወዲያ የርስዎ ነው። ለሱቅ ዕቃ መግዣ የተበደሩትን ገንዘብ ለመኪና ማዋልንም አጥብቀን እንቃወማለን፤ መደርደሪያው ባዶ የሆነ ባለሱቅ መኪናው ምን ይጭንለታል?

እስከ አሁን የተናገርነው ለገዢው ነው። ሻጩና የመለዋወጫ አስመጪው ግን ከዚህ ማኅበር ውጭ አይደሉም። በብዙ አገር መኪና የሚሸጥ ነጋዴ የመኪናውን ሁኔታ በጽሑፍ ይሰጣል፤ እኛ ዘንድ ግን ሁሉም ነገር በቃልና በመሐላ ይቀራል። መኪና ሻጮች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የእመቃውን ልክ፣ የተለወጠውን ዕቃና የታወቀውን ጉድለት ጽፈው ከፈረሙበት በኋላ ቢሸጡ፣ ጥሩ መኪና የያዘው ሻጭ በዋጋው ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ዛሬ የሚጐዳው እርሱ ነው፤ ገዢው ደጉን ከክፉው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም የክፉውን ዋጋ ለመስጠት ይሞክራልና። መለዋወጫ አስመጪዎችም እውነተኛውንና አስመስለው የሠሩትን ፊልትሮ በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ዋጋ ማስቀመጣቸውን ቢተዉ መልካም ነው። ርካሹ መሸጡን አንቃወምም፤ ርካሽ መሆኑ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍ ነው የምንለው። የአንድ ናፍጣ ፊልትሮ ልዩነት ጥቂት ብር ነው፤ እርሱ ያላጣራው ውሃ የሚያበላሸው ፖምፓ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ነው። ይህን ወረቀትና ይህን ምልክት ለመጀመር አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አምስት ወይም ስድስት ሻጮች ተስማምተው በሚቀጥለው ወር ሊጀምሩት ይችላሉ።