የአንድ ቀን ንጽሕና

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህን ሲሉ ስለ ሰው እንጂ ስለ መኪና አልነበረም። ዘንድሮ በአቃቂ ቃሊቲ ፀሐይና አቧራ ውስጥ ተሰልፌ ተራ ስጠብቅ ግን ተረቱ ለመኪናም፣ ለባለ መኪናም፣ ለመርማሪም የተተረተ መሰለኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ያለችኝ መኪና አገር የሚያውቃት «ዲኤክስ» ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ በካርቡሬተር የምትሠራ አሮጊት። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ዜጋ ወደ አንድ የምርመራ ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ፍሬኗ ተፈተነ፤ አለፈች። መብራቷ ታየ፤ አለፈች። ከዚያ አንድ ወጣት መርማሪ ቀጭን ቱቦ በማርሚታዋ ጫፍ አስገብቶ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«አላለፈችም፣ ጋሼ። ጭሷ ነው።»

«ስንት ሆነ?»

«አላለፈችም ነዋ!»

«ቁጥሩን ነው የጠየቅሁህ። ከመጠን ያለፈው የትኛው ጋዝ ነው?»

«አሠርተው ይምጡ፣ ጋሼ» አለኝና ከኋላዬ ወደ ቆመው ባለ ሚኒባስ ዞረ።

ከግቢው ሳልወጣ ሌላ ወጣት በመስኮቴ ጎንበስ አለ። «ለዛሬ ብቻ እናስተካክልልዎት? ማታ ወደ ነበረችበት እንመልሳታለን» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ሐፍረት አልነበረም፤ ብርቱካን የሚሸጥ ሰው ድምፅ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ልዋሽ አልሻም። አምና ይኸው ጥያቄ ቀርቦልኝ «እሺ» ብያለሁ። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰውየው በካቻቢቴ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን፣ መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» በሚሉት የዝግታ ዙር ጊዜ የሚገባውን ቤንዚን የምትወስነውን ትንሽ ብሎን ጥቂት አዞራት። ቤንዚኑ ቀነሰ፤ ምርመራውም የሚካሄደው መኪናዋ ቆማ በመሆኑ አለፈች። ዳገት ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥና መጥፋት ስትጀምር፣ ማታውን ብሎኗ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመለሰች። እኔም አዲስ ቦሎ ለጥፌ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ መርዝ ስረጭ ከረምሁ። በፈተና ክፍል መዳፉ ላይ ጽፎ የገባ ተማሪ ይዤ «ራስህን ነው ያታለልኸው» ብዬ የምመክር መምህር፣ መኪናዬን በመዳፏ አስጽፌ አስፈተንኋት ማለት ነው። ተማሪው ቢያንስ ጎረቤቱን አያስለውም።

ዘንድሮ ያንን መንገድ ትቼ ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድሁ። ጋዝ የሚለካ መሣሪያ የለውም፤ ያለው ዓይንና ልምድ ነው። ካንዴላውን ነቅሎ አሳየኝ፤ ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ጠቁሯል።

«ይኸውልዎ፣ ዶክተር» አለኝ፤ «ነጣ ያለ ቡኒ ቢሆን ጤና ነው። ነጭ ቢሆን ቤንዚን አንሷታል። በዘይት ቢርስ ፋሻዋ አልቋል። ይሄ ግን ደረቅ ጥላሸት ነው፤ የሚገባው ቤንዚን በዝቶ ሳይቃጠል ይወጣል።»

ከዚያም ምክንያቱን አንድ በአንድ ፈተሸ። የአየር ፊልትሮው በቃሊቲ አቧራ ተደፍኖ ሞተሩ የሚተነፍሰው አጥሮታል። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ መዝጊያው ተበልቶ ቤንዚን ያሳልፋል። ሦስተኛው ምክንያት የእኔም የእርሱም ጥፋት አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። እኛ የምንኖረው ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች በማርሚታቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ስላላቸው ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። አሮጌው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ እንደ ተቃኘ ደጋ ላይ ይኖራል። አዋቂ እጅ ለከፍታው ካላስተካከለው በቀር ጥላሸት መትፋቱን አይተውም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ያ በማርሚታ ውስጥ የገባው ቱቦ ይህንን ሁሉ ሊነግረኝ ይችል ነበር! ካርቦን ሞኖክሳይድ በመቶኛ ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ ፊልትሮና ካርቡሬተር ይታይ። ያልተቃጠለው ሃይድሮካርቦን ብቻውን ከፍ ካለ አንዱ ሲሊንደር በአግባቡ አይነድም ማለት ነው፤ ካንዴላ፣ ኬብልና ኮምፕሬሽን ይታይ። የናፍታ መኪና ጥቁር ጭስ ካወጣ ኖዝልና ፖምፓው፣ ሰማያዊ ካወጣ የሞተር ዘይት መቃጠሉ ይመርመር። ቁጥሩ ምርመራ ነው፤ «አላለፈችም» ግን ፍርድ ብቻ ነው። ሐኪም ሙቀትህን ለክቶ ቁጥሩን ሳይነግርህ «ታመሃል፣ ውጣ» ቢልህ ሐኪም ትለዋለህን? በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ፤ የመጀመሪያው ትምህርቴም ልኬቱን የሚሰውር ምርምር ምርምር አይባልም የሚል ነው።

ቁጥር የማይሰጥ ፈተና የሚያፈራው ጥገናን ሳይሆን ደላላን ነው። ባለ መኪናው ምን መጠገን እንዳለበት ካላወቀ፣ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማለፍ እንዳለበት። ያን ጊዜ በር ላይ የቆመው ወጣት ከመካኒኩ ይልቅ ርካሽና ፈጣን ይሆናል። ስለዚህ ወጣቱን ከመውቀሳችን በፊት ገበያውን ማን እንደ ከፈተለት እንጠይቅ።

ይህ የድሃ አገር ነውር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመኑ ቮልስዋገን ምን ሲያደርግ እንደ ተያዘ ዓለም ያስታውሳል። ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ የናፍታ መኪኖቹ ውስጥ፣ መኪናው በፈተና ላይ መሆኑን ለይቶ ለዚያች ሰዓት ብቻ ጭሱን የሚያጸዳ ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር። የቃሊቲው ሰው በካቻቢቴ የሠራውን እነርሱ በኮምፒዩተር ሠሩት። ያጋለጣቸውስ ምንድን ነው? የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመለኪያ መሣሪያ ጭነው መኪኖቹን በመንገድ ላይ መንዳታቸው ነው። ቆሞ የሚፈተን መኪና ሊዋሽ ይችላል፤ ዳገት ላይ ጭነት ተሸክሞ የሚወጣ መኪና መዋሸት ይቸግረዋል።

ዳገትና ጭነት ካልን ደግሞ ዓይናችንን ወደ ቃሊቲ ዋና መንገድ እናንሣ። የጂቡቲ ጭነት ወደ መዲናይቱ የሚገባው በዚሁ በእኛ በር ነው። ቦሎ የለጠፈ ከባድ መኪና የጥቁር ጭስ ጋቢ አልብሶን ሲያልፍ ያላየ የቃሊቲ ነዋሪ አለን? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታን ጭስ እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ያ ጭስ የሚያርፈው ከመንገዱ ዳር ቆሎ በምትሸጠው እናት ሳንባ ውስጥ ነው፤ እርሷ ደግሞ መኪናም ቦሎም የላትም።

ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም አለ። የጎደለን ሌላ አዋጅ አይደለም፤ በመርማሪው እጅ ያለችው ቁጥር ወደ ባለ መኪናው እጅ እንድትሻገር ማድረግ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለ አሮጌ ጭስ ምን አደከመህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ነገር ግን ክልከላው የሚመለከተው ከወደብ የሚመጣውን ነው፤ ቀድሞ የገባውን አይደለም። በአገራችን መኪና አይሞትም፤ ከአባት ለልጅ ይወረሳል። አዲስ ማስገባት በከበደ ቁጥርም አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል።

«ድሃውን ባለ ታክሲ ከእንጀራው ልታፈናቅለው ነውን?» የሚለኝም አለ። ይህ ጥያቄ ክብደት ስላለው በቀልድ አላልፈውም። ፋሻ ያለቀበትን ሞተር ማደስ ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ማስተካከያ ነው። ሳይቃጠል በማርሚታ የሚወጣው ቤንዚን ደግሞ ባለ ታክሲው በብሩ የገዛው ቤንዚን ነው። ቁጥሩን የነፈገው ፈተና ሳንባውንም ኪሱንም ነፍጎታል። ከባድ ጥገና ለሚያስፈልገውም ጊዜ መስጠት እንጂ ወደ ደላላ መግፋት አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተመረመረ መኪና ሁሉ፣ አለፈም ወደቀ፣ የጋዙ መጠንና የተፈቀደው ጣሪያ የታተመበት ወረቀት ለባለቤቱ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የወደቀ መኪና የሚጠገንበት ቀን ተቆርጦለት፣ ሲመለስ ጭሱ ብቻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በድጋሚ ይለካ። ሦስተኛ፣ ልኬቱ ወደ መንገድ ይውጣ፤ ከከባድ ጭነት መኪኖችና ከመንግሥት ተሽከርካሪዎች ይጀመር፤ ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንደ ወደቀም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ራሱን ያላስመረመረ መንግሥት የእኔን ዲኤክስ የመገሠጽ የሞራል ብቃት ከየት ያመጣል?

መኪናዬ ፊልትሮና ካንዴላ ተቀይሮላት፣ መዝጊያዋ ታድሶ፣ ካርቡሬተሯ ለደጋው ተቃኝቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ያው ወጣት ቱቦውን አስገባ፤ ጠበቀ፤ «አልፋለች፣ ጋሼ» አለኝ።

«ስንት ሆነ?» አልሁት።

ፈገግ ብሎ ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ።

ቸር እንሰንብት።