ጅብ ከሄደ ወዲያ

ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል በዓል በመጣ ቁጥር በወሎ ሰፈር ቡና ቤቶች ያው የቆየ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. አገር ጥለው ሸሹ» ይላል፤ ሌላው «አርቀው አስበው ነው» ብሎ ይሟገታል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ሁለቱም ውሳኔን የሚመዝኑት በፍጻሜው ነውና። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ዳኝነት ነው።

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ብድር ሲፈቀድ በእጃችን ያለው የዛሬ ሰነድ እንጂ የነገ ገበያ አይደለም። ተበዳሪው ስለ ከፈለ ብቻ ውሳኔው መልካም፣ ስለ ከሠረ ብቻ ክፉ አይባልም። የመንግሥት ውሳኔስ ስለ ምን በሌላ ሚዛን ይለካል?

እስቲ ወደዚያ ወራት እንመለስ። መጋቢት 22 ቀን ሠራዊቱ ማይጨው ላይ ተሸንፏል፤ ጠላት ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሣል። በመማክርቱ ፊት የነበሩት መንገዶች ጥቂት ነበሩ፤ ከተማይቱን መከላከል፣ መንግሥቱን ወደ ጎሬ ማዛወር፣ ወይም ንጉሡ ጄኔቭ ሄደው መክሰስ። ጄኔቭ ተመረጠ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃወሙ። ሚያዝያ 24 ቀን፣ ከሰፈራችን ብዙም ከማይርቀው ከለገሐር ይነሣ የነበረው ሐዲድ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጅቡቲ ወሰዳቸው። ራስ እምሩ በጎሬ እንደራሴ ሆነው ቀሩ።

የሰኔ 23ቱ የጄኔቭ ንግግር በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ከመሻር አላዳነውም። ራስ እምሩም በታኅሣሥ 1929 ተማረኩ። በዚያ ወር ብንፈርድ ኖሮ ሁለቱም ስልቶች ከሽፈዋል ባልን ነበር። ነገሩን የገለበጠው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ማወጁ ነው። ይህን በ1928 ማን ያውቅ ነበር? እንግዲህ «አርቀው አስበው» ባዩ ዕድልን ጥበብ ይለዋል፤ «ሸሹ» ባዩም አርበኛው በዱር በገደል ያቆየው ነፃነት በውጭ አገር ተሟጋች እንዳስፈለገው ይዘነጋል።

ውሳኔ የሚመዘነው በዕለቱ በታወቀው ነገር፣ በተደመጠው ተቃውሞ፣ ስልቱ ቢከሽፍ በተሰናዳው መጠባበቂያ ነው። በዚህ ሚዛን ራስ እምሩን ማስቀረት ብልህነት ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ከወጡ ጀምሮ ጣልያን እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ለቀረው ሕዝብ ምን ታስቦለት ነበር? ክስ ካለ መቅረብ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የብዕር ወዳጆቼ ሆይ፣ ስለ ጀግናና ስለ ፈሪ የተገጠመው ሞልቶ ተርፏል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ደጁን ዘግቶ ስላደረው ነዋሪ ግን የተቋጠረ ስንኝ እስከ ዛሬ አላነበብሁም።