ለአሮጌ ኮምፒዩተር አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ከንቱ ድካም ነውን?

ዘንድሮ በዕረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ ተሥቆብኛል። የተሣቀብኝም እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት ቀድሞ ለተሠራና ከገበያ ለወጣ ኮምፒዩተር አዲስ ፕሮግራም ስጽፍ በመገኘቴ ነው። «የሞተ በሬ ጠምደህ ምን ልታርስ ነው?» ያለኝ ወዳጄ አለ። ነገሩ ለቀልድ የተነገረ ቢሆንም ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለሆነ፥ በበኩሌ ያለኝን አስተያየት በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ተነሣሁ።

ኮምፒዩተሩ ኮሞዶር 64 ይባላል። በ1982 ለሽያጭ የቀረበ፥ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ የሚሠራ የአሜሪካ ዕቃ ነው (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስሁት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ገዝተውት ነበር፤ የሠራው ኩባንያ ግን በ1994 ከሠረ። የማስታወሻው መጠን 64 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ፥ 4 ጊጋባይት ያለው የዛሬ ስልክ 65,536 ጊዜ ይበልጠዋል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ዕቃውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የምሠራው ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተር ማለት አዲሱ ኮምፒዩተር የአሮጌውን ጠባይ ይዞ እንዲሠራ የሚያደርግ አስመሳይ ነው፤ ለኮሞዶር የተሠራውና ቫይስ የተባለው በነፃ ይገኛል። አስመሳዩ የኮምፒዩተሩን ደግ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም መምሰል አለበት። ምክንያቱም የዚያ ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጉድለቱን ራሱን መሣሪያ አድርገውት ነበር፤ ለምሳሌ ምንም ሊሣልበት አይችልም በተባለው የስክሪኑ ጠርዝ ላይ፥ የሥዕል ቺፑን በትክክለኛዋ ቅጽበት እያታለሉ ሥለውበታል። ቺፕ ይቃጠላል፤ ካሴትም ያረጃል፤ ስለዚህ ኢሙሌተር የዚያን ዘመን ጥበብ የሚጠብቅ ቤተ መጻሕፍት ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ቤተ መጻሕፍት አዲስ ሥራም ይገባበታል፤ ሳምስ ጆርኒ የተባለው የኮሞዶር 64 ጨዋታ የወጣው በ2017፥ ይኸውም ኮምፒዩተሩ ከወጣ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ያሰብሁት ኮሞዶር 64 በአማርኛ እንዲጽፍ ለማድረግ ነበር። በዚህ ኮምፒዩተር አንድ የፊደል ገበታ 256 ቦታ አለው፤ እያንዳንዱም ፊደል በ8 በ8 ነጥብ ይሣላል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ቀሪው 25 ነው። ከዚህ ውስጥ 10 ለቁጥሮች፥ 1 ለባዶ ቦታ፥ 6 ለሥርዓተ ነጥብ ብሰጥ 8 ቦታ ብቻ ቀረኝ። በእነዚህም ከቈ ጀምሬ ዲቃላ ፊደላትን በተራ ሞላሁና «ሰላም ጓደኞቼ» ብዬ ለመጻፍ ብሞክር፥ «ጓ» የለችም! ጓደኛ የማይጻፍበት ገበታ ምን ይረባል?

አንድ የክፍል ጓደኛዬ፥ «ሐን፥ ኀን፥ ሠን፥ ዐንና ፀን ጣላቸው፤ ድምፃቸው እንደ ሌሎቹ ነው፤ 35 ቦታ ታገኛለህ» ሲል መከረኝ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔም ለመስማማት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የአማርኛ መምህራችንን ባማክራቸው ግን ፈገግ ብለው፥ «በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን እንደምታውቀው ነው። ታዲያ ፀሐይን ሌባ ልታደርጋት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ገበታውን ትቼ፥ ስክሪኑን በሙሉ እንደ ሥዕል ወረቀት ይዤ፥ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ እንዲሥል አደረግሁ። ይህ ከማስታወሻው 8,000 ባይት ይወስዳል፤ አጻጻፉም ይዘገያል። ሆኖም ከጥቅምት እስከ የካቲት ደክሜ ፊደላችን አንድም ሳይጐድል ገባ።

በስልኬ አማርኛ ስጽፍ ፊደሉ ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ለዚህም ሰዎች ቁጭ ብለው የትኛው ይግባ፥ በየትኛው ቦታ ይቀመጥ ብለው መወሰን ነበረባቸው። ቦታ በተረፈበት ኮምፒዩተር ላይ ይህ ጥያቄ አይታየኝም ነበር። ጥበቱ ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ ድሃ ሳንቲም አስቈጠረኝ፤ መሣሪያ ፊደልን ሊቈርጥ እንደሚችል፥ የሚያስብ ፕሮግራም ጸሐፊም ሊያድነው እንደሚችል አሳየኝ።

እርግጥ ነው፥ ከእኛ መካከል ማንም በኮሞዶር 64 ደብዳቤ አይጽፍም፤ በዚህ ችሎታም ሥራ አይገኝ ይሆናል። ወዳጄ በዚህ ልክ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት መልመጃ ቦታ ነው። የዛሬውን ኮምፒዩተር ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ሰው ብቻውን ሊያውቀው አይችልም፤ አሮጌውን ግን ትጉህ ተማሪ አንድ በአንድ ሊመረምረው ይችላል። አንዱን አጥርቶ ያወቀ ደግሞ ሌላውን ለማወቅ አይፈራም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የኮምፒዩተር ክበባችን በዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን ኮምፒዩተሮች አውጥቶ ኢሙሌተር ቢጭንባቸው መልካም ነው። ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ አንዴ ከተጫነም ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ይሠራል። በሚመጣው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዳንድ ትንሽ ፕሮግራም ቢጽፉ፥ ከማንበብ የማይገኘውን ያገኛሉ።

እኔ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን እሰናበታለሁ፤ ፕሮግራሜን ለክበቡ ትቼ እሄዳለሁ። ይዘገያልና የሚያፈጥነው ከእናንተ መካከል ይነሣ። ለሣቀብኝ ወዳጄም በዚያው ስክሪን ላይ «ሰላም ጓደኛዬ» ብዬ ጽፌለታለሁ። «ጓ» በቦታዋ አለች።