ቅዳሜና እሁድ ይዘንባል፤ ግን የት?

ክረምት ሲገባ የእኛ የከተሜዎቹ ጥያቄ አንዲት ናት፦ ቅዳሜ ይዘንባል አይዘንብም? ቀጠሮ ያለው፣ ኳስ የሚጫወተው፣ ልብስ ያጠበው ሁሉ ይጠይቃል። ትንበያው የከተማችንን ዲግሪ ይነግረናል፣ እኛም ጃንጥላ ይዘን ወይ ትተን እንወጣለን። አለቀ።

ድሬዳዋ ላይ ግን እንዲህ አላለቀም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለእሁድ አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው! ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ጎርፉን ያመጣው በዋናነት ከከተማዋ በላይ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነው። ዛፉ ያለቀበት ተዳፋት ደግሞ ውኃ አይዝም፤ ቁልቁል ይለቀዋል።

ስለዚህ ለወንዝ ዳር ነዋሪ «ድሬዳዋ በከፊል ደመናማ» ማለት ምን ይፈይድለታል? እርግጥ የሚቲዎሮሎጂ መግለጫዎች «ቅጽበታዊ ጎርፍ» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ከስፖርት ዜናው ቀጥሎ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ነው (አንባቢዋም የምትሰማው አይመስለንም)። እኛ የምንፈልገው የወንዙ ስም ተጠርቶ፣ ላዩ ላይ ምን ያህል እንደጣለና ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ እንዲነገር ነው።

የድሬዳዋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ውስጥም ጎርፍ ሰው ገድሏል። ቀበና የሚወርደው ከእንጦጦ ነው። በዚህ ቅዳሜ ቦሌ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እንጦጦ ከጠቆረ፣ ወንዝ ዳር የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ቶሎ ደውሉለት።